ጠያቂና ተጠያቂ

ሐምሌ ሲገባ ኦስሎ ጭር ትላለች። ኖርዌያውያን የጋራ ዕረፍት የሚሉት የሦስት ሳምንት ፈቃድ የሚውለው በዚህ ወር ስለሆነ ገሚሱ ነዋሪ ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ገሚሱ ወደ ተራራ ጎጆው ይሄዳል። በከተማዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም መኪና ያስነሣሉ። የብዙዎቹ ጉዞ ግን ተራራ ለማየት አይደለም፤ ተራራው መንገድ ላይ ስለቆመ ይታያል እንጂ። የሚሄዱት ሰው ዘንድ ነው፤ ሃማር ወዳለው የድሮ ጎረቤት፣ ሊለሃመር ወዳለችው አብሮ አደግ፣ ትሮንድሃይም ወዳለው የክፍል ጓደኛ። ከመኪናው ኋላ፣ ከልጆች ጃኬትና ከብርድ ልብስ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራና በላስቲክ የታሰረ በርበሬ አለ። በመንገድ ላይ ስልክ ተደውሎ «የት ናችሁ?» ሲባሉ መልሳቸው አጭር ነው፤ «ወዳጅ ልንጠይቅ እየሄድን ነው።»

አማርኛ ተናጋሪ ይህችን ቃል ሲጠቀምባት ልብ አይላትም። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ የወለደች ትጠየቃለች። የቲማቲም ዋጋ ለማወቅም፣ የሰው ፊት ለማየትም ግሡ አንድ ነው። ኖርዌጅኛ ሰው ቤት መሄድን «ቤሶኬ» ይለዋል፤ በውስጡ «ሶኬ» አለ፤ መፈለግ ማለት ነው። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ከላቲን የወረሱት ቃል ደግሞ ሥሩ ማየት ነው። አንዱ ወዳጁን ሊፈልገው፣ ሌላው ሊያየው ሲሄድ፣ አማርኛ ተናጋሪው ሊጠይቀው ይሄዳል። ከቃል ሥር ፍልስፍና መምዘዝ አደገኛ ልማድ ነው፤ ቋንቋ ብዙውን ነገር የሚሠራው ሳያስብ ነው። ይህኛው አጋጣሚ ቢሆን እንኳ ግን ሳይመረመር ሊታለፍ የማይገባው ነው። ወዳጁን ሊጠይቅ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚጠይቀው ምንድን ነው? መልሱንስ ሊሰማ ነው የሄደው?

ሁለት ሰዎች ይታሰቡ። ስድስት ኪሎ አንድ የመኝታ ክፍል ተጋርተዋል፤ ከአንድ ትሪ በልተዋል፤ አንዲት ሹራብ ተፈራርቀው ለብሰዋል። ዛሬ አንደኛው ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። ሌላው ከኦስሎ በስተሰሜን፣ ጉድብራንድስዳለን በሚባለው ረጅም ሸለቆ ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዱ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። በስልክ ይገናኛሉ፤ ለበዓል «እንኳን አደረሰህ» ይባባላሉ፤ በዓይን ከተያዩ ግን ዐሥር ዓመት አልፏል። የኦስሎው ሰው አንድ ረቡዕ ማታ ይደውላል፤ «ቅዳሜ እንመጣለን።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሸለቆው ሰው ሥራ ይበዛበታል። የሱቁ ዶሮ ለወጥ አይሆንም፣ ቶሎ ይፈራርሳል፤ ስለዚህ የዕንቁላል ጣይ ዶሮ የሚሸጥ ሰው ያፈላልጋል። ከአገር ቤት የመጣች ንጥር ቅቤ ከፍሪዘር ትወጣለች። ሽንኩርት ሲቁላላ ያመሻል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ መስኮት ይከፈታል። ይህ ሰው በሌላው ቀን ጠዋት የሚበላው ቡናማ አይብ የተነጠፈበት ዳቦ ነው። ምሳው ኖርዌያውያን «ማትፓኬ» የሚሉት፣ ከቤት በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሄድ ዳቦ ነው። ራቱ ቅቅል ድንችና ዓሣ ነው። ልጆቹ በርበሬ አይችሉም። ልጆቹ ደግሞ እሱ ዘንድ የሚያድሩት በየሁለተኛው ሳምንት ነው። ቅዳሜ ምሳ ላይ «እናታቸውስ?» ሲባል «ሥራ ገብታ ነው» ይላል፤ ጨዋታው ወደ ስድስት ኪሎ ካፌ ይዞራል፤ ይሳቃል፤ ጉርሻ ይቀባበላሉ። እሑድ ማታ ወደ ኦስሎ ሲመለስ ጠያቂው መሪውን ይዞ በደስታ «ያ ልጅ ምንም አልተለወጠም!» ይላል።

እዚህ ላይ ማን ምን አጠፋ? ለባለቤቱ የሚከራከር ብዙ ማለት ይችላል። ለእንግዳ ከሁሉ የተሻለውን ማቅረብ ያደገበት ሥርዓት ነው። የቤት ቁስል ለመጣ ለሄደው አይገለጥም፤ ገበና የሚባል ነገር አለ። ገበናውን የሸፈነ ሰው ዋሸ አይባልም፤ ክብሩን ጠበቀ ይባላል። ደግሞስ ያ ዶሮ ወጥ ውሸት ነው? ሦስት ቀን የፈጀ ድካም ፍቅር ካልሆነ ምን ይባላል? ይህ ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ያ ሥርዓት ሲበጅ እንግዳ ደውሎ አይመጣም ነበር። ሰው መንገድ ላይ ይመሽበትና በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። የቤቱ እመቤት ያላትን ታቀርባለች፤ «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ትላለች። ሽሮ ከሆነ ሽሮ፣ ቆሎ ከሆነ ቆሎ። ቃሉ ትሕትና ብቻ አልነበረም፤ መረጃም ነበር። እንግዳው የዚያን ቤት የዚያን ሰሞን ኑሮ ከሰፌዱ ላይ ያነበዋል፤ ጎተራው መጉደሉን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ሲነጋ ምን ያህል ጊዜ መቀመጥ እንዳለበትም ይገባዋል። በእርግጥ አገር ቤትም ቢሆን መምጣቱ ለታወቀ እንግዳ ዶሮ ይታረድ ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ግን ሁሉም እንግዳ መምጣቱ የታወቀ ነው። ሳይደውል በር የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ ቢኖር ደንግጠው ነው የሚከፍቱለት። ቀጠሮው ለባለቤቱ የሦስት ቀን መሸፈኛ ይሰጠዋል። «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» የሚለው ቃል ግን እንዳለ ቀርቷል፤ በአውሮፕላን በመጣ ቅቤ በተሠራ ወጥ ላይ ይነገራል።

የድሮ ወዳጅነት ምን ዕዳ አለበት የሚለውን ጥያቄ ከአርስቶትል የበለጠ በጥሞና ያየው ጥቂት ሰው ነው። በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ስምንተኛ መጽሐፍ ውስጥ በዘመኑ የታወቀ አንድ ተረት ያነሣል፤ ሰዎች አብረው ያን የሚባልለትን ያህል ጨው ሳይበሉ አይተዋወቁም የሚል ነው። ተረቱ ሥጋን ወይም ወይንን ሳይሆን ጨውን መምረጡ ብልኅነት ነው። ጨው የግብዣ ምግብ አይደለም። በየቀኑ ቁንጥር ቁንጥር እያለ ይገባል፤ አንድ ቁና ጨው ለመጨረስ ስንት ምሳና ስንት ራት መቅረብ እንዳለበት ማሰብ ይበቃል። አሞሌን እንደ ገንዘብ ሲቆጥር ለኖረ አገር ሰው፣ ጨው በትንሹ የሚጠራቀም ሀብት መሆኑ ማብራሪያ አያሻውም። ስድስት ኪሎ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ያን ጨው በልተዋል። ችግሩ የበሉት ዛሬ ካሉት ሰዎች ጋር አለመሆኑ ነው።

አርስቶትል ይህንንም አልዘለለውም። ርቀት ወዳጅነትን ባንድ ጊዜ እንደማያፈርሰው፣ የሚያቆመው ሥራውን እንደሆነ፣ ሲረዝም ግን መረሳትን እንደሚያመጣ ይናገራል። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» የሚለውን የአማርኛ ተረት ቢሰማ አይደነቅም ነበር። በዘጠነኛው መጽሐፍ ደግሞ ከሁለት ወዳጆች አንዱ እንደነበረ ቢቀር፣ ሌላው ደግሞ እጅግ ቢለወጥ ምን ይደረግ ብሎ ይጠይቃል። እንደ ቀድሞው መቀጠላቸው እንደሚያዳግት ያምናል። ሆኖም ጨርሶ እንዳልተዋወቁ ሰዎች መሆን አይገባቸውም፤ ስላለፈው ወዳጅነት ሲባል ለድሮ ወዳጅ አንድ ነገር ሊተርፈው ይገባል ይላል። ያ «አንድ ነገር» ምን ያህል እንደሆነ አልሰፈረም። ስጦታ ነው? ገንዘብ ማበደር ነው? በዓመት አንድ ስልክ ነው? አማርኛው ከሰማው መልሱ ከግሡ ውስጥ ነው፤ መጠየቅ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ማን እንደሆነ ለማወቅ መፈለግ ነው። «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ደስ ብሎት የተመለሰው ሰው የተመለሰው ሳይጠይቅ ነው፤ አምስት ሰዓት ነድቶ የሄደው ራሱን፣ የሃያ ዓመት ልጅ የነበረውን ራሱን፣ ሊያይ ነው።

ታዲያ ይጠይቅ ማለት ምን ማለት ነው? ጠረጴዛው ላይ እጁን አስደግፎ «እውነቱን ንገረኝ፤ ሚስትህ የት ናት?» ይበል? ለዚህ የኖርዌይ ሰዎች ራሳቸው ከጻፏቸው ሁሉ እጅግ የሚያስፈራ መልስ ያለው በሄንሪክ ኢብሰን እጅ ነው። ኢብሰን የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በኦስሎ፣ ያኔ ክርስቲያንያ በምትባለው ከተማ ነው፤ በ1906 እዚያው ሞተ። ዛሬ ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ቡና ቤቱ ይሄድበት በነበረው የእግረኛ መንገድ ላይ ቃላቱ በብረት ፊደል ተቀርጸው ይታያሉ፤ ሰው እየረገጣቸው ያልፋል። በ1884 ያሳተመው «የዱር ዳክዬ» የተባለ ተውኔት የሚጀምረው በግብዣ ነው፤ መንስኤውም የድሮ ወዳጅ መጠየቅ ነው።

ግሬገርስ ቬርሌ የሀብታም ልጅ ነው። ለረጅም ዓመታት ርቆ ከኖረበት ሥራ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ ድግስ ይደገስለታል፤ እሱም የልጅነት ጓደኛውን ያልማር ኤክዳልን ይጋብዛል። ያልማር ደኻ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ከባለጠጎቹ መካከል ተቀምጦ ስለ ወይን ሲጠየቅ መልስ ያጣል። ይባስ ብሎ ደካማ ሽማግሌ አባቱ በአዳራሹ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ እንዳላወቀው ይሆናል። ገበናውን የሸፈነው በዚህ መንገድ ነው። ቤት ሲገባ ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ልጁ ሄድቪግ ትጠብቀዋለች። ከግብዣው የሚጣፍጥ ነገር አመጣልሻለሁ ብሏት ነበር። ረስቶታል። ከኪሱ የምግቦቹን ስም ዝርዝር የያዘ ካርድ አውጥቶ ይሰጣትና አንብቢው፣ ጣዕሙን እኔ እነግርሻለሁ ይላታል። ልጅቷ እንባዋን ትውጣለች። በዓለም ድራማ ውስጥ ስለ ምግብ ከተጻፉት ትዕይንቶች ከዚህ የከበደ ማግኘት ያስቸግራል፤ አንድ ሰው ሄዶ የበላው ሁሉ ለቤቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ተመለሰ።

ግሬገርስም ወዳጁን ሊጠይቅ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። እንጀራና ቅቤው፣ ቢራው፣ የያልማር ዋሽንት፣ በጣራው ሥር ካለው ክፍል ውስጥ ያለችው ክንፏ የተመታ ዳክዬ፣ ሁሉም ይታየዋል፤ አንዱም ግን አይበቃውም። እሱ የመጣው እውነትን ሊያወጣ ነው። የያልማር ሚስት ድሮ በግሬገርስ አባት ቤት ስታገለግል የሆነውን ያውቃል፤ ወዳጁ ሳያውቀው መኖሩን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ይዞት ወጥቶ ይነግረዋል። ያልማር ልጁ ልጁ መሆኗን ይጠራጠራል፤ ይገፋታል፤ ሄድቪግ በዚያው ጣራ ሥር ራሷን በጥይት ትገድላለች። ግሬገርስ ክፉ ሰው አይደለም። ወዳጁን ከልቡ ይወዳል፤ የጎደለው ነገር የወዳጁን ቤት እንዳለ መቅመስ ነው። ሲጠይቅ መልሱን ይዞ ነው የመጣው። አማርኛ ለዚህ ሌላ ቃል አለው፤ መመርመር ይባላል።

ስለዚህ ጥያቄው በሁለት በኩል ይበላሻል። የኦስሎው አውቶቡስ ነጂ ምንም ሳይጠይቅ ተመለሰ፤ የኢብሰን ሰው ጠይቆ ቤት አፈረሰ። በመካከላቸው ያለውን መንገድ ለማግኘት እንደገና ወደ ጉድብራንድስዳለን፣ ወደዚያ የመጦሪያ ሠራተኛ ቤት፣ በተለይም ቅዳሜ ሳይሆን ማክሰኞ ጠዋት በጠረጴዛው ላይ ወደሚቀመጠው ቡናማ አይብ መመለስ ይበጃል።

ይህ አይብ የተገኘው ከዚያው ሸለቆ ነው። በ1863 አኔ ሆቭ የተባለች የገበሬ ልጅ በበጋ ከብት በሚወጣበት የተራራ ግጦሽ ሳለች፣ ከአይብ የተረፈውን ውኃ እያፈላች ክሬም ጨመረችበት። ውኃው ሲመጠጥ የወተቱ ስኳር ቡናማ ሆነ፤ ጣፈጠ፤ ገበያ ላይ ከቅቤ የሚወዳደር ዋጋ አወጣ። ሸለቆው በዚያ ዘመን ከደረሰበት የኑሮ ችግር እንዲወጣ እንደረዳ ይነገርለታል፤ ሴትዮዋም በ87 ዓመቷ፣ በ1933፣ ከንጉሡ ሜዳሊያ ተቀብላለች። የሚቆረጥበት መሣሪያ እንኳ የዚያ አካባቢ ሥራ ነው፤ በ1925 ቶር ብዮርክሉንድ የተባለ የሊለሃመር አናጢ ከራሱ መላጊያ ተነሥቶ የሠራው ነው። አይቡ እንደ ጣውላ በስሱ ይላጋል። ለኢትዮጵያዊ የሚገርመው ግን ጥሬ ዕቃው ነው፤ አጓት ነው። አሬራ ተሞቆ አይቡ ሲወጣለት የሚቀረው፣ ለጥጃ ወይም ለውሻ የሚደፋው፣ ስም እንኳ በመከራ ያገኘ ውኃ። ኖርዌያውያን ያንን አፍልተው አፍልተው የአገራቸው መለያ አደረጉት። በግና ጥቅል ጎመን በቁንዶ በርበሬ ብቻ ተቀቅሎ የሚበላበትን «ፎሪኮል» የተባለ ምግብም እንዲሁ ብሔራዊ ምግባቸው ብለው መርጠውታል፤ ለበርበሬ አፍ የሆስፒታል ምግብ ይመስላል። የደኻ ምግብ ነው፤ አያፍሩበትም።

አሁን ያ የሸለቆ ሰው ቅዳሜ ምሳ ላይ ዶሮውን ትቶ ይህን አይብ ከዳቦና ከቅቅል ድንች ጋር ቢያቀርብ ምን ይሆናል? እንግዳው ቅር ይለዋል። መኪና ውስጥ «ዶሮ እንኳ አልሠራልኝም፤ ፈረንጅ ሆኗል» ይላል። ይህ ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ሊናቅ አይገባም፤ አምስት ሰዓት የነዳ ሰው የክብሩን ምልክት በሳህን ላይ ይፈልጋል። ነገር ግን ሌላ መንገድም አለ። እንግዳው ያን ቡናማ ነገር አንሥቶ፣ ቀምሶ፣ ፊቱን ጨምድዶ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ይህን መብላት ማን አስለመደህ?» ይላል። ጥያቄው የአይብ ጥያቄ ነው፤ ማንንም አይመረምርም። ባለቤቱ መሳቅ ይችላል፤ ማለፍ ይችላል፤ ደግሞም መናገር ይችላል። የመጀመሪያው ክረምት ላይ በረዶው ከመስኮት በላይ ሲቆለል፣ አንዲት ያገሩ ባልደረባው ከማትፓኬዋ ሁለት ቁራሽ ትሰጠው እንደነበር፤ ልጆቹ ሌላ ነገር ስለማይበሉ እሱም ይህንኑ መብላት እንደለመደ፤ ልጆቹ የሌሉበት ሳምንት ግን እሱንም ለመብላት እንደሚሰንፍ። «የሌሉበት ሳምንት» የምትለዋ ቃል እንዲህ በአይብ ጎን ሾልካ ትወጣለች። ጠያቂው ጆሮ ካለው ሰምቷታል። ከሰማ በኋላ ዝም ቢልም ጠይቋል።

በባህላችን ምግብ ላይ ሆኖ መጨዋወት የሚወደደው ምናልባት ለዚሁ ነው። «እንዴት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቷል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ከዚያ ወዲያ በሩ ዝግ ነው። ምግብ ግን ከጓሮ በር ያስገባል። ገበናው አይቀደድም፤ ባለቤቱ ራሱ የፈለገውን ያህል ገልጦ ያሳያል። ያ ይሆን ዘንድ ግን ማዕዱ ላይ ያለው ቤቱ በእርግጥ ያፈራው መሆን አለበት። ዶሮ ወጡን ለብቻው ቢጠይቁት የሚናገረው ስለ አዲስ አበባ ነው፤ ስለ ሸለቆው የሚያውቀው ነገር የለም። (ሁለቱንም ማቅረብ ይቻላል፤ ዶሮውም ይሠራ፣ አይቡም ከጠረጴዛው አይነሣ። አብዛኛው ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደብቀው ግን አይቡን ነው።)

ከሸለቆው ወደ ሰሜን ሲወጣ መንገዱ ዶቭሬ የሚባለውን ገላጣ ተራራ ያቋርጣል፤ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ያልፋል። በመካከለኛው ዘመን ወደ ትሮንድሃይም፣ ወደ ቅዱስ ኦላቭ መቃብር የሚሄዱ ተሳላሚዎች በውርጭ ያልቁበት የነበረ ቦታ ነው። በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ኦይስታይን በዚህ ተራራ ላይ ለመንገደኛ ማደሪያ እንዳሠራ የድሮው ታሪክ ይናገራል። የዚያ ማደሪያ ሕግ ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም፤ የእግዜር እንግዳ ሕግ ነው። መንገደኛውን ማን ነህ፣ ከየት መጣህ ሳይሉ ያሳድሩታል፤ እሱም ሲነጋ ይሄዳል፤ ማንም ማንን አይጠብቅም። ለማያውቁት ሰው መልካም መሆን፣ ምንም ያህል የሚያስመሰግን ቢሆን፣ ከድሮ ወዳጅ ጋር አንድ ከሰዓት ከመቀመጥ ይቀላል። የማይታወቀው ሰው ስለ ትናንት አይጠይቅም። ብድርም የለበትም። በወዳጆች መካከል ግን ብድር አለ፤ የጠየቀኝን እጠይቃለሁ፣ ያበላኝን አበላለሁ፤ «ብድር በምድር» ይባላል። የኖርስ ሰዎች የጥንት የምክር ግጥም የሆነው ሃቫማልም በተለይ የሚጨነቀው ስለዚህ ነው፤ ወዳጅን ቶሎ ቶሎ ስለ መጠየቅ፣ ስጦታን በስጦታ ስለ መመለስ፣ ሰው ቤትም ብዙ ስላለመቀመጥ።

ብድሩን መመለስ የማይችል ወዳጅ ታዲያ ምን ይሁን? በየበጋው ከኦስሎ የሚነሡት መኪናዎች የማይደርሱባቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም የሚኖሩት እዚያው ኦስሎ ውስጥ፣ የትራም መንገድ ርቀት ላይ ነው። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ተቀባይነት ያጣ፣ ወረቀት የሌላቸው የሚባሉት ናቸው። ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ እንደ እነሱ ያሉት የግብር ካርድ ማግኘት ሲቀርባቸው፣ ለዓመታት ሠርተው ግብር ሲከፍሉ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሥራቸውን አጡ፤ በዚያው ዓመት በኦስሎ ካቴድራል ውስጥ የረኃብ አድማ ያደረጉም ነበሩ። በጃንዋሪ 2012 ደግሞ የኖርዌይና የኢትዮጵያ መንግሥታት ስለ ተመላሾች ስምምነት ተፈራረሙ። ከዚያ ወዲያ በሰው ሶፋ ላይ፣ በጓደኛ ጓዳ ውስጥ፣ ስልክ ቁጥር እየቀያየሩ የኖሩ አሉ። አማርኛ እነዚህን ሰዎች ሲጠራ ጥገኝነት ጠያቂ ይላል፤ ኖርዌጅኛም «አሲልሶከር» ሲል ያንኑ ወዳጅ ቤት የሚያስኬደውን «መፈለግ» ይጠቀማል። በሁለቱም ቋንቋ እንግዳ ሆነው የመጡ ናቸው። ጠይቀው አይሆንም ተብለዋል።

እንዲህ ያለ ሰው «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ለማለት መጀመሪያ ቤት ያስፈልገዋል። መኪና ተከራይቶ ወደ ትሮንድሃይም አይሄድም። ለሠርግ ሲጠሩት ይቀራል፤ ባዶ እጁን መሄድ አይሆንለትም። ቀስ በቀስ የሚጠሩትም ይቀንሳሉ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ «ምን እናስጨንቀዋለን» ብለው ነው። ይህች «አናስጨንቀው» የምትል ቃል ከአዘኔታ ትጀምርና መጨረሻዋ ላይ ሰውየውን ከወዳጆች ዝርዝር ውስጥ ታወጣዋለች። አገር ቤት እስረኛ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ግን እንዲህ አያስብም። እስረኛው ምንም እንደማያቀርብለት ያውቃል፤ ስለዚህ ስንቁን ራሱ ይዞ ይሄዳል፤ በሰፌድ የተሸፈነ ሳህን፣ በፌስታል የታሰረ ዳቦ። በሩ ላይ የሚከብደው ማን ጋባዥ፣ ማን ተጋባዥ እንደሆነ መለየት አይደለም። ብድሩ ለጊዜው ከሒሳብ ውጭ ሆኗል። ያ ልማድ ወደ ኦስሎ ሲመጣ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ወድቋል።

ደግሞ እዚህም ላይ ገበና አለ፤ ከሁሉም የበረታ ገበና። ያ ሰው እንዲታይ የማይፈልገው ክፍሉን ብቻ አይደለም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ራሱን ነው። ሳይደውል በሩን የሚያንኳኳ ወዳጅ የመጦሪያ ሠራተኛውን ገበና ቢነካ ዶሮ አለመሠራቱን ነው የሚያየው፤ የዚህኛውን ቢነካ ሊመለስ የማይችል ነገር ሊያይ ይችላል። ግሬገርስም በር ሲያንኳኳ በጎ አሳብ ነበረው። ስለዚህ «ዝም ብሎ መሄድ ነው» የሚል ምክር ቀላል ምክር ነው፤ «ደውሎ ይሁንታ መጠበቅ ነው» የሚለውም እንዲሁ፤ ይሁንታው አይመጣምና።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ መኪናው ከሰሜን ይመለሳል። ከኋላ የነበረው እንጀራ አልቋል፤ በቦታው ከሸለቆው የመጣ አንድ ኪሎ ቡናማ አይብ አለ፤ ልጆቹ በመንገድ ላይ ጠርዙን ላግተው ጨርሰውታል። የኦስሎው ሰው ሃማር፣ ሊለሃመር፣ ትሮንድሃይም እያለ ይቆጥራል፤ ሁሉንም ጠይቀናል ይላል። ከስድስት ኪሎው ክፍል ግን ሦስተኛ አልጋ ነበር። ማታ ላይ ይደውልለታል። ከብዙ ጥሪ በኋላ ይነሣል። «ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል ድምፁ። «ልምጣ?» ሲባል ዝም ይልና «ቤቱ አይመችም፤ ሌላ ጊዜ» ይላል። ደዋዩ «እሺ» ሊል ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ያለውን አይብ ያያል። «የሆነ መጥፎ ጣዕም ያለው ነገር ይዣለሁ፤ ብቻዬን አልችለውም። ታች፣ ትራሙ ማቆሚያ ጋ ውረድና አብረን እንብላው።» በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ምንም አይሰማም፤ ከዚያ የጃኬት ዚፕ ድምፅ ይሰማል።